የጨረቃ ጨለማ ገጽ ስለሚባለው ሸክላና ስለ ድካም ዋጋ

አንድን የኪነ ጥበብ ሥራ ለመመርመር የተነሣ ሰው ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛው፥ ሥራው መልካም ነው ወይ? የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፥ መልካም ያደረገው የማን ድካም ነው? የሚለው ነው። ብዙዎች የፊተኛውን ብቻ ጠይቀው ይበቃቸዋል። እኔ ግን ሁለተኛው ካልተመለሰ ፍርዱ ጎደሎ ነው እላለሁ። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነኝ በዓለም እጅግ ከተሰሙት የሮክ ሸክላዎች አንዱን እወስዳለሁ።

ይህ ሸክላ ‹የጨረቃ ጨለማ ገጽ› የሚባለው ነው። በ1973 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያወጡት ፒንክ ፍሎይድ የሚባሉት አራት እንግሊዛውያን፥ ሮጀር ዋተርስ፥ ዴቪድ ጊልሞር፥ ሪቻርድ ራይትና ኒክ ሜሰን ናቸው። የተቀረጸውም በለንደን አቢ ሮድ በሚባለው ስቱዲዮ ነው። ነገሩ ሁሉ ስለ ሰው ሕይወት ነው፤ ጊዜ ሳይታወቅ ስለ ማለፉ፥ ስለ ገንዘብ ፍቅር፥ ስለ ሞትና ስለ አእምሮ መናወጥ ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ለእነርሱ የሩቅ ወሬ አልነበረም፤ ከመሥራቾቻቸው አንዱ ሲድ ባሬት አእምሮው ታውኮ በ1968 ከመካከላቸው ተለይቶ ነበርና።

ከሁሉ አስቀድሜ ትዕግሥታቸውን አመሰግናለሁ። ዘፈኖቹን ከማስቀረጻቸው በፊት ከ1972 መጀመሪያ ጀምሮ በየአዳራሹ በሕዝብ ፊት እየተጫወቱ ፈተኗቸው፤ የጎደለውን ሞሉ፥ የማይስማማውን ለወጡ። ስለ ገንዘብ በሚናገረው ዘፈን መጀመሪያ የሚሰማውን የሳንቲም መንኳኳት፥ የወረቀት መቀደድና የሱቅ ሒሳብ መኪና ድምፅ፥ ክሩን በማስመሪያ እየለኩ፥ እየቆረጡና እየቀጠሉ ከዜማው ምት ጋራ አስማሙት። ዛሬ በኮምፒውተር በአፍታ የሚያልቀው ያን ጊዜ የእጅ ሥራ ነበር።

ደግሞም ዋተርስ ስለ ሞት፥ ስለ ጠብና ስለ እብደት ጥያቄዎችን በካርድ ላይ ጽፎ በስቱዲዮው ያገኛቸውን ሰዎች ጠየቀ። ስመ ጥሩው ፖል ማካርትኒ ከተጠየቁት አንዱ ነበር፤ የእርሱ መልስ ግን በሸክላው አልገባም። የስቱዲዮው ዘበኛ ጄሪ ኦድሪስኮል ሳይጠነቀቅ በቅንነት የመለሰው ግን ገባ፤ በመጨረሻው ላይ የሚሰማው የሰው ቃልም የእርሱ ነው። በዚህ ቦታ ሠሪዎቹ ዝናን ትተው እውነትን መረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ራይት ስለ ሞት ብሎ በፒያኖ ያዘጋጀው አንድ ዜማ ነበር፤ ግጥም ግን አልነበረውም። በ1973 በጥር ወር በአንድ እሑድ፥ የድምፅ ባለሙያው አለን ፓርሰንስ ባሳሰበው መሠረት፥ ክሌር ቶሪ የምትባል የሃያ አምስት ዓመት ዘፋኝ ተጠራች። ቃል የሌለበት ድምፅ እንድታሰማ ተነገራት እንጂ የምታዜመውን ዜማ ጽፎ የሰጣት አልነበረም። እርስዋም ድምፅዋን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ቆጥራ፥ አንድ ጊዜ እንደ አልቃሽ እየጮኸች፥ አንድ ጊዜም እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው እየለዘበች አዜመች። ስትጨርስ ያላማረ መስሏት አፈረች። የእሑድ ዋጋ እጥፍ ስለ ነበረ 30 ፓውንድ ተከፈላትና ሄደች።

እኔ ከሸክላው ሁሉ ይህን ክፍል አስበልጣለሁ። የዋተርስ ግጥም አንዳንድ ጊዜ እንደ መምህር ያብራራል፤ የእርስዋ ድምፅ ግን ምንም ሳያብራራ ፍርሃቱንም መጽናናቱንም በልባችን ያሳድራል። ሆኖም ሸክላው ሲታተም በዘፋኝነት ስሟ ቢጻፍም፥ በዜማው ደራሲነት የተጻፈው ራይት ብቻ ነበር። ሸክላው በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 1988 ድረስ 741 ሳምንት ሲቆይ፥ የደራሲነቱ ድርሻ ለእርስዋ አልደረሳትም። በ2004 ከሰሰች፤ በ2005 በስምምነት አለቀና ከዚያ ወዲህ ስሟ ከራይት ስም ጎን በደራሲነት ይጻፋል። ይህም የሆነው ካዜመች ከ32 ዓመት በኋላ ነው።

‹የተዋዋለችበትን ዋጋ ተቀብላለች፥ ምን ቀረባት?› የሚል ሰው አይታጣም። በእርግጥ የፒያኖው ዜማ የራይት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ውሉ ለዘፋኝ ጉሮሮ ነበር፤ እርስዋ የሰጠችው ግን ጉሮሮዋን ብቻ ሳይሆን የፈጠራ አሳብዋንም ጭምር ነው። ሳንቲም እያንኳኳ ስስትን የሚነቅፍ ሸክላ፥ በራሱ ደጅ የሰው ድርሻ ይህን ያህል ዘመን ተይዞ ሲገኝ፥ ነቀፌታው ወደ ራሱ ይመለሳል።

‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› ይባላል። ሸክሙን ካካፈልን በኋላ ጌጡን ለብቻ ማጥለቅ ግን ግፍ ነው። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ መጽሐፍ ብታሳትም፥ ማኅበር ብትመራ፥ ወይም ከጓደኞችህ ጋራ አንድ ሥራ ብትሠራ፥ የረዳህን ሰው ስምና ድርሻ ሥራው ሳይታወቅና ገንዘቡ ሳይመጣ አስቀድመህ ጻፍ። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ብዕር ይከብዳልና።