የምናውቀው የሚመስለን ቃል

በአሶሳም ሆነ በባምባሲ ስብከቱን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጋር እያስተያየ የሚያዘጋጅ አገልጋይ ብዙ ጊዜ በስልኩ የሚያገኘው የኪንግ ጄምስን ትርጉም ነው። በነጻ ይገኛል፤ በ1890 እ.ኤ.አ. የታተመው የስትሮንግ ኮንኮርዳንስም የተሠራው በእርሱ ላይ ነው። የትርጉሙን ታላቅነት አልክድም። የምተቸው አንድ ልማድ ነው፦ የ1611ን እንግሊዝኛ በዛሬ መዝገበ ቃላት ፈትቶ «እንግሊዝኛው ግን እንዲህ ይላል» እያሉ ከመድረክ መናገር።

1ኛ ጴጥሮስ 3፥1ን ክፈቱ። ሚስቶች ቃሉን የማይታዘዙ ባሎቻቸውን የሚማርኩበት መንገድ በኪንግ ጄምስ «ኮንቨርሴሽን» ተብሏል። ዛሬ ይህ ውይይት፣ ጭውውት ነው። በዚያ ዘመን ግን አኗኗር፣ ጠባይ ማለት ነበር፤ የግሪኩ «አናስትሮፌ»ም ይኸው ነው። የ1954ቱ አማርኛ «ኑሮ» ብሎ ጨርሶታል። ደግሞም ሐዋርያው በዚያው ቁጥር ሚስቶቹ ባሎቻቸውን ያለ ንግግር እንዲማርኩ ይፈልጋል። ታዲያ ያለ ንግግር፣ በጭውውት ሊሆን ነው?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ 33 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበር። በእንዲህ ያለ ክልል እምነቷን የማይጋራ ባል ያላት እኅት ምክር ፍለጋ ወደ እናንተ ትመጣለች። ሐዋርያው በኑሮዋ እንድትመሰክር ያላትን፣ እናንተ ማታ ማታ እየተከራከረች እንድትረታው ብትመክሯት ቤቷን የምታምሱት እናንተ ናችሁ። (ዝም ማለት ዱላን መታገሥ ነው የሚል ሌላ ስብከትም አለ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ትችት ይገባዋል።) ስብከቱ ወደ በርታ ወይም ወደ ጉሙዝ ቋንቋ የሚተረጎም ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚው ስሕተታችሁን እንዳለ ያሻግረዋል።

«ቻሪቲ»ም እንዲሁ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ፍቅር ማለት ነው፤ በሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ አካባቢ ለሚያገለግል ሰው ግን ቃሉ ወዲያው እርዳታን ያሳስበዋል። ምዕራፉን የልግስና ስብከት ያደረገ ሰባኪ ቁጥር 3 ላይ መደናቀፉ አይቀርም፤ ጳውሎስ ንብረቱን ሁሉ ለድሆች ሰጥቶም ይኸው ነገር የጎደለውን ሰው ያነሣልና።

እንደ «ዛው» ያለው ያን ያህል አይጎዳም። ጥንታዊነቱ ክብር ስለሚያላብሰው አንዳንዱ «አንቱ» አድርጎ ይሰማዋል እንጂ ለእግዚአብሔርም ለፈርዖንም የሚባል ተራ «አንተ» ነው። እንግዳ ቃል ቢያንስ መዝገበ ቃላት ያስገልጣል፤ የለመድነው ግን ሳንጠራጠር ያሳልፈናል። በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 «ፕሪቨንት» መከልከል ሳይሆን መቅደም ነው። በ2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ያለው «ሌት» ጭራሽ የዛሬው ተቃራኒ ነው፤ መፍቀድ ሳይሆን ማገድ። መነሻቸው የተለያየ ሁለት ግሦች በድምፅ ስለ ተገጣጠሙ ነው።

እንግሊዝኛው ላይ አማርኛው ያልያዘው ነገር ያገኛችሁ ሲመስላችሁ፣ የ1954ቱን አማርኛ ከአንድ የዘመናችን የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ተስማምተው የእናንተ ግኝት ብቻውን ከቀረ፣ ከእሑዱ ስብከት አውጡት።