የማሲንቆ አንገት በማን እጅ ልክ?

በእጄ ካለፉት አሮጌ ማሲንቆዎች መካከል አንገታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት አላጋጠመኝም። ከመሀል ሜዳ የመጣው ወፈር ያለ ድቡልቡል ነው፤ ከዓለም ከተማ በኩል የመጣው ከመቃኛው በታች ቀጥኖ ወደ ገበቴው ሲወርድ ይሞላል፤ ከጊሼ ራቤል የመጣው ደግሞ ጀርባው ጠፍጣፋ ነው። ይህ የመንዝ፣ ያ የመርሐቤቴ አሠራር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። አዝማሪ ማሲንቆውን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሠራ ነበርና አንገቱ የሚጠረበው በራሱ እጅ ልክ ነው። ልዩነቱ የሰው እንጂ የወረዳ አይደለም።

የግራ እጅን ሥራ ላስተዋለ ነገሩ ግልጽ ነው። በጊታር ላይ ጣት ክሩን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቀዋል። የማሲንቆ ጭራ ግን በብርኩማው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚወጠር ጣት ጭራውን ብቻ ይነካል፤ እንጨቱ ላይ አይደርስም። አውራ ጣት አንገቱን ደግፎ ሲይዝ ሌሎቹ አራቱ በአየር ላይ ያለውን ጭራ ይፈልጋሉ። ጭራው ባዶውን አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ አራቱ ጣቶች አራት፤ የቅኝታችን አምስት ድምፅ ሞላ ማለት ነው። አንገቱ ለያዘው እጅ ሲወፍር ትንሿ ጣት ቦታዋ ላይ ሳትደርስ ትቀራለች፣ ድምፁም ይወርዳል። ሲቀጥን ደግሞ አውራ ጣት ማረፊያ ያጣል፤ እጅ መጨበጥ ይጀምራል፤ የጨበጠ እጅ ትዝታን ማርገብገብ አይችልም።

እንጨቱም የራሱ ፍላጎት አለው። ጭራው ሲከረር አንገቱን ወደ ፊት ይስባል፣ ደካማ እንጨት ይጎብጣል፣ ቅኝቱም አይጸናም። የመንዝ ጓሳ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ዋንዛ የለም፣ ከጀማ ሸለቆ በኩል ከሞቃቱ አገር ይመጣል። እኔ ገበቴውን ከዋንዛ፣ አንገቱን ከወይራ እሠራለሁ። ወይራ ቀጥኖም ይችላል፤ የዋንዛ አንገት ግን ወፈር ካላለ አይበረክትም። ሳይደርቅ የተጠረበ ባሕር ዛፍ ይጠመዘዛልና አይታሰብም።

በውጭ አገር አሮጌ ጊታር የሚወዱ ሰዎችም በዚሁ ጉዳይ ይከራከራሉ። የአሜሪካው ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ገበቴው በከፊል ባዶ የሆነውን ኢኤስ-335 የተባለ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲያወጣ አንገቱ ወፍራም ነበር። በ1960 ቀጠነ፣ ቆይቶ እንደገና ሞላ፣ በ1965 ገደማ ደግሞ የላይኛው ጫፍ ስፋቱ ከ43 ወደ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ወረደ። ሦስት ሚሊ ሜትር ለተጫዋች እጅ ብዙ ነው። እዚያ ግን ልኩን የሚወስነው ፋብሪካው ነው፤ ተጫዋቹ ለእጁ የሚስማማውን ዓመት ፈልጎ ይገዛል። እኛ ዘንድ መጀመሪያ እጁ ነበረ።

ጀርባው ጠፍጣፋ ወዳልኩት ልመለስ። ጠፍጣፋው ከመቃኛው አንድ ጋት ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምርና አራት ጣት ያህል ወርዶ ያበቃል። በቢላ ተፍቋል፤ ጥቃቅን የስለት ምልክቶቹ ዳር ዳሩ ላይ አሁንም ይታያሉ። መሀሉ ግን ከአውራ ጣት ብዛት ሰርጉዶ፣ ላብና ቅባት አጥቁሮት ያብረቀርቃል። ፍቁ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ባለቤቱ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ሰው እንደነበረ እገምታለሁ። ያመጣልኝ ወጣት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ድቡልቡል እንዳደርገውና ቫርኒሽ እንድቀባው ጠየቀኝ። እምቢ አልኩት።

ማሲንቆ ሊያሠሩ ለሚመጡ ትልቅ ሰው የመጀመሪያው ቃሌ «አባቴ፣ ግራ እጅዎን ይስጡኝ» ነው። ውፍረታቸው የተለያየ በትሮች አስይዤ ጣታቸውን ሲያንቀሳቅሱ አያለሁ። ከዚያ አንገቱን ትንሽ አወፍሬ እጠርባለሁ፤ ቆዳው ተወጥሮ፣ ጭራው ገብቶ እሳቸው አምባሰልን ከተጫወቱበት በኋላ ነው የቀረውን የምፍቀው። ጀርባውን ቫርኒሽ አልቀባም፤ እጅ ሲያልበው ይይዛል። ዛሬ ለገበያ በብዛት የሚሠራው ማሲንቆ አንገቱ አንድ ልክ ነው፤ ለጀማሪ ልጅም ለጎልማሳም ያው ነው። ርካሽ መሆኑን አልነቅፍም። ነገር ግን ጣቱ ያልደረሰለት ልጅ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ማሲንቆውን ያስቀምጣል። አስተማሪዎች ልጁን ከመገሠጻቸው በፊት አንገቱን ቢመለከቱ መልካም ነው።

ከአያት የወረሳችሁት ማሲንቆ ያላችሁ፣ ቆዳው ከተቀደደ አስለውጡት፤ ጭራውን አሳድሱት፤ ብርኩማውንም ቀይሩት። አንገቱን ግን አታስፍቁት።