የአሮጌ ጠመንጃ ቁጥር

የአሮጌ ጠመንጃን ዕድሜ ከተከታታይ ቁጥሩ አንብቦ የሚያውቅ ባለሙያ፣ ብራና እንደሚመረምር ሊቅ ሁሉ ክብር ይገባዋል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራውን የጀርመኑን ማውዘር 98 ያየን እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ በየዓመቱ ከ1 ተነሥቶ 10,000 ሲሞላ፣ አንዲት ትንሽ የላቲን ፊደል አስከትሎ ቈጠራውን እንደ ገና ስለሚጀምር፣ ቁጥሩ ለብቻው ዲዳ ነው፤ ጥይት በሚጎርስበት ክፍል አናት ከተቀረጹት ከፋብሪካው ስምና ከዓመቱ ጋር ሲጣመር ግን ልሳኑ ይፈታል። እኔን ይልቁንም የሚያስደንቀኝ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች እስከ ጥቃቅኖቹ ብሎኖች ድረስ ተመትተው መገኘታቸው ነው፤ ከሌላ ጠመንጃ የመጣች ብሎን በአጉሊ መነጽር ሥር ወዲያው ትጋለጣለች። ይህ ጥበብ ባይኖር፣ በፈረንጅ አቈጣጠር 1917 የተጻፈበት ማውዘር ዓድዋ እንደ ዋለ ሲተረክለት፣ ባለቤቱ ቅር ቢለውም እንኳ፣ ማን ደፍሮ ይሞግት ነበር?