በአንድ እጀታ ሦስት ሥራ
የሉሚዬር ሲኒማቶግራፍና የተዘነጋው የኅትመት ሙያ

የሲኒማ ታሪክ በተነሣ ቁጥር አንድ ምሽት ተደጋግሞ ይወሳል። ዲሴምበር 28 ቀን 1895 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ከተማ፣ በግራን ካፌ ምድር ቤት፣ 33 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ፍራንክ ከፍለው ገቡ። ዐሥር አጫጭር ፊልሞች ተመልክተው ወጡ። ያ ምሽት እስከ ዛሬ ድረስ የሲኒማ የልደት ቀን ተብሎ ይከበራል።

ይሁንና በዚያ ምሽት በሸራው ላይ የታየው በማንሻው ውስጥ ያለፈው ፊልም አልነበረም። በማንሻው ውስጥ ያለፈው ፊልም ሲታጠብ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ በኔጋቲቭ ላይ ደግሞ ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማውም ብርሃን ነው። ተመልካቹ ያየው ከዚያ ኔጋቲቭ የታተመውን ቅጂ ነው። ስለዚህ በማንሣትና በማሳየት መካከል ሦስተኛ ሥራ አለ፤ እርሱም ማተም ነው። የታሪክ ጸሐፍት ስለ መጀመሪያው ሥራ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛው ግን እንደ አንድ ተራ የፋብሪካ ጉዳይ ታልፏል። ይህ አስተያየት የተሳሳተ መሆኑን ከሁሉ በፊት የሚመሰክረው ራሱ የሉሚዬር መሣሪያ ነው።

ሉዊና ኦጉስት ሉሚዬር ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1895 የባለቤትነት መብት ያስመዘገቡለት ሲኒማቶግራፍ አንድ ሰው ተሸክሞት ሊጓዝ የሚችል፣ አምስት ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የእንጨት ሣጥን ነው። በብዛት ያመረተው የፓሪሱ መሐንዲስ ዡል ካርፓንቲዬ ነበር። በዚያው ዘመን በአሜሪካ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ የተሠራው ማንሻ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ፣ ከቦታ ቦታ ለማዛወር እጅግ የሚያስቸግር ከባድ መሣሪያ ነበር። የሉሚዬር ሣጥን ግን ከሰው እጅ ሌላ ኃይል አይፈልግም። እጀታው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ሲዞር 16 ምስሎች ያልፋሉ፤ 17 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ፊልም በ50 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ይኸው አንድ ሣጥን ያነሣል፣ ያትማል፣ ያሳያል።

ሉዊ ሉሚዬር ፊልሙን የሚስበውን ስልት ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና መሆኑ ይነገራል። በስፌት መኪና ጨርቁ ያለማቋረጥ አይሄድም፤ መርፌው ሲወጋ ይቆማል፣ መርፌው ሲነሣ ይራመዳል። በሲኒማቶግራፉም ውስጥ ሁለት ጥፍሮች በፊልሙ ግራና ቀኝ በተበሱት ክብ ቀዳዳዎች ይገቡና ፊልሙን የአንድ ምስል ቁመት ያህል ወደ ታች ይስቡታል። ከዚያም ወጥተው ወደ ላይ ይመለሳሉ። በሚመለሱበት ጊዜ ፊልሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ብርሃን የሚያርፍበትም በዚያች ቅጽበት ነው። በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ፊት የተቀመጠ ልብስ ሰፊን ያየ ሰው የነገሩን አካሄድ ያለ ችግር ይረዳዋል።

የኅትመቱ ሥራ ይህንኑ ስልት ይከተላል። ታጥቦ የደረቀው ኔጋቲቭ ብርሃን ካላየ ጥሬ ፊልም ጋር ይገጠማል፤ ምስል ያለበት ፊት ብርሃን ከሚቀበለው ፊት ጋር ይነካካል። ልብስ ሰፊ ሁለት ጨርቅ ደርቦ በአንድ መርፌ እንደሚወጋ ሁሉ፣ ጥፍሮቹም ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ጊዜ ይዘው ይስባሉ። ሌንሱ ይነቀላል፤ የሣጥኑ ፊት ፀሐይ ወደሚመታው ነጭ ግድግዳ ይዞራል። ባለሙያው እጀታውን ማዞር ሲጀምር ከግድግዳው የተመለሰው ብርሃን በኔጋቲቩ ውስጥ አልፎ ከጥሬው ፊልም ላይ ያርፋል። አንድ ምስል፣ ቀጥሎም ሌላ ምስል፣ እንዲህ እያለ እስከ 800 ያህል ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ጥሬው ፊልም ወደ ጨለማ ክፍል ተወስዶ ሲታጠብ ለእይታ የሚበቃ ፖዚቲቭ ይሆናል።

ዋናው የጥበብ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። አንድ እጅ አንድን እጀታ ለሦስት ሥራ ሲያዞር፣ በሦስቱም ላይ የሚተወው አሻራ አንድ ዓይነት አይደለም። በማንሣት ጊዜ እጁ ቢዘገይ በሸራው ላይ የሚሄደው ሰው ይቸኩላል፤ እጁ ቢፈጥን ሰውየው ይዘገያል። በማሳየት ጊዜ የእጁ ፍጥነት የትርኢቱን ጊዜ ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። በማተም ጊዜ ግን የእጁ ፍጥነት እንቅስቃሴውን ፈጽሞ አይለውጠውም፤ እያንዳንዱ ምስል በትክክል በየቦታው ይተላለፋልና። የሚለወጠው ብርሃኑ ነው። እጁ ሲዘገይ ጥሬው ፊልም ብዙ ብርሃን ስለሚቀበል ቅጂው ይጠቁራል፤ ሲፈጥን ቅጂው ይነጣል። ኔጋቲቩ የሳሳ እንደሆነ ፈጠን ብሎ ማዞር፣ የጠቆረ እንደሆነም ረጋ ማለት ያስፈልጋል። እጁ መሐል ላይ ቢያመነታ በቅጂው ላይ ብርሃኑ ይርገበገባል። እንግዲህ ያነሣው እጅ የጊዜ ዳኛ ከሆነ ያተመው እጅ የብርሃን ዳኛ ነው። የልብሱ እጥፋት መታየት ወይም መሰወር፣ የሰማዩ መጥራት ወይም መደፈን የተወሰነው በዚህ ዳኝነት ነው።

በ1935 የመጀመሪያ ረቂቁን በጻፈው ዝነኛ ድርሰቱ ስለ ኪነ ጥበብ ሥራዎች በቴክኒክ መባዛት የመረመረው ጀርመናዊው ሐያሲ ዋልተር ቤንጃሚን፣ ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ ማውጣት ስለሚቻል ከቅጂዎቹ መካከል እውነተኛው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም ሲል ተከራክሯል። አስተያየቱ ኪነ ጥበብን ከጥቂት ባለጸጎች እልፍኝ አውጥቶ ለብዙኃን የሚያደርስ በመሆኑ ታላቅ ዋጋ አለው። ነገር ግን የሉሚዬርን ሣጥን በሚመለከት እርማት ያስፈልገዋል። እውነት ነው፣ ከቅጂዎቹ አንዱን ብቻ እውነተኛ፣ ሌሎቹን ሐሰተኛ ማለት አይቻልም። ሆኖም ሁሉም አንድ ናቸው ማለትም አይቻልም። በየገዳማቱ የብራና መጻሕፍትን ሲገለብጡ የኖሩት ቁም ጸሐፊዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ዳዊት ሁሉ ዳዊት ነው፤ ይሁን እንጂ የአንዱ ጸሐፊ ብዕር ከሌላው ይለያል፣ ተመራማሪም መጽሐፉን ሲመረምር የጸሐፊውን እጅ ለይቶ ይመዘግባል። በእጅ የታተመ የፊልም ቅጂም ከዚህ የራቀ አይደለም። መሣሪያው ምስሉን ይደግማል፤ ብርሃኑን የሚወስነው ግን ሰው ነው።

የኅትመቱ ሥራ ምን ያህል ወሳኝ እንደነበረ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ታሪክ መገንዘብ ይቻላል። «የሉሚዬር ፋብሪካ ሠራተኞች ሲወጡ» የተባለው ፊልም ማርች 19 ቀን 1895 በሊዮን ከተማ እንደተነሣ ይነገራል። ማርች 22 ቀን ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ለአንድ የኢንዱስትሪ ማኅበር አባላት ታየ። በእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ ኔጋቲቩ ታጥቧል፣ ደርቋል፣ ታትሟል፣ ቅጂውም እንደገና ታጥቦ ወደ ፓሪስ ተጉዟል። በዚያው ዓመት በጁን ወር የፎቶግራፍ ማኅበራት ጉባኤ በሊዮን ሲካሄድ ሉዊ ሉሚዬር ልዑካኑ ከጀልባ ሲወርዱ አንሥቶ ጉባኤው ሳይበተን መልሶ ለራሳቸው አሳያቸው። በ1896ም እነ ጋብርዬል ቬይርና አሌክሳንደር ፕሮሚዮ ሣጥኑን ይዘው በየአገሩ ተሰማሩ። ቬይር ሜክሲኮ ውስጥ ፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያዝን አነሣ፤ ፊልሙም እዚያው ሜክሲኮ ታየ። አንድ ሕዝብ የራሱን ጎዳናና የራሱን ፊት በገዛ ከተማው ለማየት የበቃው ሣጥኑ ማተሚያም ስለነበረ ነው። ማንሻና ማሳያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ኔጋቲቭ ሌላ ማተሚያ ፍለጋ አገር ማቋረጥ ነበረበት።

ከላይ የተጠቀሰው የፋብሪካ ሠራተኞች ፊልም በዚህ ዐይን ሲታይ አዲስ ትርጉም ይሰጣል። ሞንፕሌዚር በሚባለው የሊዮን ሠፈር የነበረው ፋብሪካ የፎቶግራፍ መስታወት ያመርት ነበር። በሩ ሲከፈት ሴቶች ባርኔጣ ደፍተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይወጣሉ፤ ወንዶች፣ ብስክሌት የያዙ፣ አንድ ውሻም ይከተላሉ። እነዚህ ሰዎች በመስታወት ላይ ብርሃን ተቀባይ ቅብ ሲቀቡ፣ ሲቆርጡ፣ ሲያሽጉ የዋሉ ናቸው። ምስል የሚሠራበትን ዕቃ ያመረቱ ሠራተኞች ራሳቸው ምስል ሆነው መቅረባቸው የፊልሙ ታላቅ ቁም ነገር ነው። ግን ካሜራው የቆመው ከበሩ ውጭ ነው። የታየው ሥራው ሳይሆን የሥራው ማብቂያ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ልጅ የሠራተኞቹን መውጣት ሲያነሣ በውስጥ የሚደክመውን እጅ ሳያሳይ ቀርቷል። የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊም ማተሚያውን እጅ ሲዘነጋ ያንኑ ከበሩ ውጭ የመቆም ልማድ ይደግማል።

የዚህ ፊልም ሦስት ልዩ ልዩ ቅጾች መኖራቸው ደግሞ ነገሩን ያጠናክረዋል። በአንደኛው ጋሪ የሚስብ አንድ ፈረስ፣ በሌላው ሁለት ፈረሶች ይታያሉ፤ በሦስተኛው ምንም ፈረስ የለም። የሰዎቹ አለባበስም ይለያያል። ትዕይንቱ እየተደጋገመ ለመነሣቱ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ኔጋቲቩ ቅጂ ሲወጣበት ማለቁ ነው። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። በታተመ ቁጥር ጥፍሮቹ ያንኑ ቀዳዳ ይወጋሉ፣ ያው ፊት ከሌላ ፊት ጋር ይፋተጋል። ብዙ ሕዝብ ያየው ፊልም ብዙ ጊዜ የታተመ ነው፤ ብዙ ጊዜ የታተመ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ማተሚያው ለፊልሙ ሕይወት ይሰጠዋል፣ ዕድሜውንም ይበላል።

እርግጥ ነው፣ ለእጅ ሥራ ከመጠን ያለፈ ፍቅር ማሳየት ወደ ሌላ ስሕተት ይመራል። አንዱ ቅጂ ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ መውጣቱ ለተመልካቹ ጥቅም አልነበረም። በ1911 የአሜሪካው ቤልና ሃወል ኩባንያ ያወጣውን የመሰሉ ፊልሙን ያለማቋረጥ የሚያስኬዱ ማተሚያዎች በተስፋፉ ጊዜ ሥራው ፈጠነ፣ ቅጂዎችም ተመሳሰሉ። በትንሽ ከተማ የሚኖር ተመልካች በዋና ከተማ ከሚታየው ያላነሰ ቅጂ ለማግኘት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ለብዙኃን የተገኘ ድል ነው። ሆኖም የብርሃን ዳኝነት አልቀረም፤ የብርሃኑን መጠን እየመረጠ የሚወስን ባለሙያ በቤተ ሙከራው ውስጥ ቀጠለ። የቀረው ያንን ባለሙያ በስሙ የመጥራት ልማድ ነው።

ከቅርብ ዘመን ሥራዎችም ይኸው ዝንጋኤ ይታያል። በ1995 የሲኒማ መቶኛ ዓመት ሲከበር 40 ያህል ዲሬክተሮች በጥንቱ የሉሚዬር ሣጥን እየተጠቀሙ አጫጭር ፊልሞች ሠርተው «ሉሚዬርና ጓዶቹ» በሚል ርእስ ቀርበዋል። ከአፍሪካ የቡርኪና ፋሶዎቹ ጋስቶን ካቦሬና ኢድሪሳ ዌድራኦጎ፣ የግብፁም ዩሱፍ ሻሂን ተካፍለዋል። ሣጥኑ ከመቶ ዓመት በኋላ መሥራቱ የሚያስደንቅ ነው። ደንቡ ግን ፊልሙ ከ52 ሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ድምፅ አብሮ እንዳይቀረጽ፣ ከሦስት ጊዜ በላይም እንዳይነሣ የሚል ነበር። ሦስቱም ማንሣትን ይመለከታሉ፤ ሣጥኑን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሮ ማተምን የሚጠይቅ ደንብ አልነበረም። በ2005 የሉሚዬር ፊልሞች በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ሰፈሩ። በ2016ም ቲዬሪ ፍሬሞ 108ቱን በዲጂታል ዘዴ አስጠግኖ በአንድ ፊልም አቀረባቸው። የጥገናው ጥራት የሚመሰገን ነው፤ ቅጠሉ፣ ጢሱ፣ ፊቱ ጎልቶ ይታያል። ነገር ግን ብርሃኑ በሁሉም ላይ ተስተካክሎ ሲቀርብ፣ ተመልካቹ ቀድሞ ያልተስተካከለ እንደነበረና በአንድ ሰው እጅ ይወሰን እንደነበረ የሚያውቅበት መንገድ ይጠፋበታል።

ስለዚህ የሐያሲው፣ የመምህሩና የቤተ መዛግብቱ ሠራተኛ ኃላፊነት ግልጽ ነው። የቆየ ፊልም ሲመዘገብ የዲሬክተሩና የአንሺው ስም ብቻ ሊሰፍር አይገባም፤ የታየው ቅጂ ከየትኛው ኔጋቲቭ፣ በምን ዓይነት መሣሪያ፣ ከተቻለም በማን እጅ እንደታተመ መመዝገብ አለበት። በትምህርት ቤትም ስለ ሲኒማ ሲወሳ ተማሪው «ማን አነሣው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ማን አተመው?» ብሎ እንዲጠይቅ መልመድ ይኖርበታል። ሊዮን ውስጥ ሠራተኞቹ የወጡበት ጎዳና ዛሬ የመጀመሪያው ፊልም ጎዳና ተብሎ ይጠራል፤ ከፋብሪካው የተረፈውም መጠለያ ፊልም የሚታይበት አዳራሽ ሆኗል። በዚያ አዳራሽ የሚገኝ ተመልካች የሚያየው ከሩ በወጡት ሠራተኞች ላይ የወደቀውን ፀሐይ ብቻ አይደለም። በኔጋቲቩ ውስጥ ያለፈውን፣ አንድ ባለሙያ እጀታ እያዞረ የመጠነውን ሁለተኛ ብርሃንም ጭምር ነው።