ሁለት ዓይን ያለው አሳላፊ

የግብር ሥዕሎቻችንን ልብስ ማየት የተማርኩት ከጃፓን የእንጨት ኅትመቶች ነው፤ ማፈሪያ ነው፣ ግን እውነት ነው። በኤዶ ዘመን ሕጉ ነጋዴውን ከወታደሩ፣ ከገበሬውና ከባለእጁ በታች አስቀምጦ የሚለብሰውን ጨርቅ ሳይቀር ይወስንለት ነበር። ኅትመቱን የሚገዛው ግን በብዛት ይኸው የከተማ ሰው ነው። ጥለትንና የቤተሰብ ዓርማን እንደ ጽሑፍ ያነባል። መቀነቷን ከፊት ያሰረችው ሴት ማን እንደሆነች ማንም አይነግረውም። መንግሥትም ያነብ ነበር፦ ኡታማሮ ገዢውን ሂዴዮሺን ከነሚስቶቹ በመሣሉ እ.ኤ.አ. በ1804 ተቀጣ፤ በ1842 ደግሞ የተዋንያንና የጌጠኛ ሴቶች ሥዕል ተከለከለ።

እኛ ግን ስለ ሥዕላችን ስንጽፍ ዓይን ላይ እንቆማለን። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ኃጥእ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ይቀረዋል። የዓድዋን ሥዕል የሚተነትን ሁሉ ይህን ይላል፦ ጣሊያኑ በጎን፣ የእኛ ሰው ፊት ለፊት፣ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ። እኔም ለአንድ የሴሚናር ወረቀት ይህንኑ ጽፌ በቂ መስሎኝ ነበር።

ከምኖርበት ከካፒቶል ሂል ወጣ ብሎ፣ አውሮራ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የግብር ሥዕል ተሰቅሏል። ንጉሡ ከሁሉም ገዝፈው ተቀምጠዋል። መኳንንቱ ካባና ጃኖ ደርበዋል፤ ትከሻቸው ተሸፍኗል፣ እጃቸው ብቻ ወጣ ብሏል። ከፊታቸው ብርንዶ ተሸክሞ የቆመው ሰው ግን አደግድጓል፤ ነጠላው ወገቡ ላይ ታስሯል፣ ትከሻው ባዶ ነው። ማደግደግ በሥዕል ላይ የተፈጠረ ምልክት አይደለም። በጌታ ፊት የሚቆም ሰው በእርግጥ እንዲህ ነበር የሚለብሰው፤ ሠዓሊው ያየውን ነው የሣለው። ለዚህ ይመስለኛል ተቺው ምልክት ሲፈልግ ልብሱን የሚዘለው።

ያ ሰው ሁለት ዓይን አለው። በቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ከንጉሡ እኩል ከደጋጎቹ ወገን ነው። ልብሱ ግን እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም። ስለ ዓይን ብቻ የሚናገር ሒስ ይህን ሰው «የእኛ ወገን» ብሎ ያልፈዋል፤ ከወገኑ ማን እንደሚበላና ማን እንደሚያበላ ሳይጠይቅ።

ሠዓሊው ሁለቱንም ዓይኖቹን ለማሳየት ሲል ፊቱን አዙሮታል። ስለዚህ ብርንዶውን እየቆረጡ የሚበሉትን አያይም። የሚያየው ወደ እኛ ገበታ ነው።