ቲና ብሩክስ የሚተነፍስበት ቦታ

ሃርድ ባፕ የተባለውን የጃዝ ስልት ሊያጠኑ እኔ ዘንድ የሚመጡ የሳክስፎን ተማሪዎች ኮልትሬንንና ሶኒ ሮሊንስን ጠግበው ሰምተዋል። የቴነር ሳክስፎን ነፊውን ቲና ብሩክስን የሚያውቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ትምህርቱን የምጀምረው «ትሩ ብሉ» በተባለው አልበሙ ነው።

የተቀዳው ጁን 25 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ነው። ከስድስት ቀን በፊት ብሩክስ እዚያው በፍሬዲ ሃባርድ የመጀመሪያ አልበም ላይ ተጫውቶ ነበር፤ «ኦፕን ሰሰሚ» የተባለውን መጠሪያ ዜማም የደረሰለት እሱ ነው። የ22 ዓመቱ ሃባርድ በተራው ትራምፔት ነፋለት። ፒያኖ ዱክ ጆርዳን፣ ቤዝ ሳም ጆንስ፣ ድራም አርት ቴይለር ተጫወቱ። ከስድስቱ ዜማዎች አምስቱ የብሩክስ ድርሰቶች ናቸው።

በጌታቸው መኩሪያ ሽለላ ያደገ ጆሮ ከቴነር ሳክስፎን ፉከራ ይጠብቃል፤ እኔም ያንን አነፋፍ እወደዋለሁ። የብሩክስ ድምፅ ግን ለስላሳ ነው፣ ኀዘንም ይነካዋል። ጥበቡ ያለው ሐረግ በሚጀምርበትና በሚዘጋበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የሜዠሩን የመጀመሪያ ምት ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ኮርዱ ከተመታ በኋላ ይገባል። ኮረሱ (የዜማው አንድ ሙሉ ዙር) አለቀ ሲባል ደግሞ ሐሳቡን ገና አልጨረሰም፤ ድንበሩን ተሻግሮ ቀጣዩ ኮረስ ውስጥ ይዘጋዋል። ጨዋታው እንዲህ የሚፈስለት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ይህን በቃል ማስረዳት ስለሚያዳግት ተማሪዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ከዚሁ አልበም የ«ጉድ ኦልድ ሶል»ን ሶሎ በአፋቸው እንዲያዜሙት አደርጋለሁ። እሱ የተነፈሰበትን ቦታ ሁሉ ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል። ምልክቶቹ ከሜዠሩ መስመር ጋር ብዙም አይገጥሙም። ጣታቸው ፈጣን የሆነ ልጆች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ የለመዱት እያንዳንዱን ሜዠር መሙላት ነውና።

ብሉ ኖት የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ከ1958 እስከ 1961 በብሩክስ ስም አራት አልበሞች ቀድቷል። በሕይወት ሳለ የወጣው «ትሩ ብሉ» ብቻ ነው። ከ1961 በኋላ አልቀዳም፤ በ1974 በ42 ዓመቱ አረፈ። የእንዲህ ያለ ደራሲና ነፊ ሦስት ሥራ ያኔ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

«ትሩ ብሉ»ን የወደደ ሰው ቀጥሎ ከሦስቱ አንዱ የሆነውንና በኋላ የወጣውን «ባክ ቱ ዘ ትራክስ»ን ይስማ። እዚያ ትራምፔቱን የያዘው ብሉ ሚቸል ነው። አነፋፉ ከሃባርድ ለዘብ ስለሚል ብሩክስ ሐረጉን የት እንደሚቆርጥ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።