የጉኑኖ ጓዳና የዘመኑ መዝገብ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በብራና ላይ ብቻ ተጽፎ አይገኝም። ከፊሉ በጓዳ፣ በምድጃ ዳርና በጓሮ ተክል መካከል ይኖራል። ለብራናው ጠባቂ አልጠፋለትም፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። የጓዳው ዕውቀት ግን ከእናት ወደ ልጅ በእጅና በዓይን ሲተላለፍ የኖረ እንጂ ገጽ ያለው መጽሐፍ አይደለም። በመሆኑም የምግብ ቅርስ በድምፅ፣ በፎቶግራፍና በፊልም ተቀርጾ በዲጂታል መዝገብ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ ተገቢና ወቅታዊ ነው። ሂስ የሚያስፈልገው መዝገቡ ምን እንደሚይዝና ማንን እንደሚያገለግል ነው።

በወላይታ ዞን በዳሞት ሶሬ ወረዳ የምትገኘው ጉኑኖ ለመዝገብ እንግዳ አይደለችም። በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ቀደም ብሎ ከከፈታቸው ጣቢያዎች አንዱ የጉኑኖው ነበር። የዝናቡ መጠን፣ የጎርፉ ብዛትና ከማሳው የታጠበው አፈር ለዓመታት እየተለካ ተጽፏል። ከጉኑኖ ብዙ በማይርቀው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ከ600 በላይ የእንሰት ናሙናዎች በማሳ ላይ ይጠበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የእንሰት ጂኖም ረቂቅ ታትሞ ለዓለም ተመራማሪዎች ቀርቧል። እንግዲህ አፈሩ ተለክቷል፣ ተክሉ ተቆጥሯል፣ ዘረ መሉም ተነብቧል። በእነዚህ መዛግብት ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማው ተክሉን ወደ ምግብ የምትለውጠው ሴት ናት።

የእርሷ ሥራ ቀላል አይደለም። ለዓመታት ያደገው እንሰት ከተቆረጠ በኋላ ግንዱ በሳንቃ ላይ ተደግፎ በቀርከሃ ይፋቃል፤ ከመሬት በታች ያለው አሚቾ ይከተከታል። ከተጨመቀው ፈሳሽ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ይሆናል። የተፋቀው ደግሞ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ እስኪብላላ ይቆያል፤ ቆጮ የሚሆነውም ይኸው ነው። የሚቆይበትን ጊዜ የአየሩ ብርድና ሙቀት፣ የተክሉም ዓይነት ይወስኑታል። መድረሱን ባለሙያዋ በሽታው፣ በቀለሙና በጣቶቿ ትለየዋለች። ፊልም ቀለሙን ይይዛል፤ ሽታውንና ልስላሴውን ግን አይዝም። ስለዚህ ባለሙያዋ «አሁን ደርሷል» የምትልበትን ምክንያት በራሷ አንደበት ካላስረዳች፣ የተቀረጸው የእጅ እንቅስቃሴ እንጂ ዕውቀቱ አይሆንም።

በምግብ ላይ የሚዘጋጁ ፊልሞች ዋና ጉድለትም ከዚህ ይመነጫል። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ሲቀረጽ ጭፈራው፣ ሥጋውና ዳጣው በድምቀት ይታያሉ። ወንዶቹ ለበሬው መግዣ ገንዘብ፣ ሴቶቹም ቅቤ በማኅበር ሲቆጥቡ የከረሙባቸው ወራት ግን ከፊልሙ ውጭ ይቀራሉ። በዓሉን ያቆመው ይህ ድካምና መተባበር ሆኖ ሳለ፣ ተመልካቹ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው። ሥራውን የደበቀ ምስል ጌጥ ነው እንጂ ቅርስ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ የስም ነው። በወላይታ ገበሬ ዘንድ እንሰት አንድ ስም ብቻ ያለው ተክል አይደለም። ማዚያ የሚባለው ዓይነት፣ ለምሳሌ፣ የእንሰት አጠውልግ በሽታን በመቋቋሙ ይታወቃል። መዝጋቢው ማዚያን «እንሰት» ብሎ ብቻ ቢያልፈው፣ ከስሙ ጋር የትውልድ ልምድ አብሮ ይሠረዛል። በ1992 ዓ.ም. ወጋጎዳ በተባለው ቅይጥ ቋንቋ የተዘጋጀው መማሪያ መጽሐፍ በወላይታ ያስነሣው ብርቱ ተቃውሞ ሕዝቡ ለቃላቱ የሚሰጠውን ዋጋ አሳይቷል። የጓዳው መዝገብም በመጀመሪያ በወላይትኛ መጻፍ፣ ከዚያም መተርጎም ይገባዋል።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በሆላንድ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ተሰጥቶ የነበረው የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ2018 በሔግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪሆን ድረስ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ለሁሉም የተከፈተ መዝገብ ለነጣቂም የተከፈተ ሊሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ሲወሰድ የባለቤቱ ፈቃድ እንዲጠየቅና ከጥቅሙም እንዲካፈል ይደነግጋል። መዝጋቢው ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት ፈቃድ መጠየቁ፣ የባለሙያዋንም ድርሻ ማስከበሩ ከአክብሮት በላይ የሕግ ግዴታ ነው።

የቃል ዕውቀት ራሱን ያቆያል፣ መዝገብም አያሻውም የሚሉ ይኖራሉ። ሆኖም ልጂቱ ለትምህርትና ለሥራ ከጓሮው ስትርቅ ሰንሰለቱ መላላቱ አይቀርም። በአንጻሩ መዝገብ ብቻውን እንሰት አይተክልም፤ ጓሮው ከጠፋ የቀረው ፊልም የሐዘን መታሰቢያ ይሆናል። ሁለቱ ተደጋግፈው ሊቆሙ ይገባል። ለዚህም የባህል ሠራተኛው ቀረጻውን፣ መምህሩ ትምህርቱን፣ የኪነ ጥበብ ሰው ሕያው አቀራረቡን ድርሻው አድርጎ መያዝ አለበት። የመዝገቡ ዋጋ የሚመዘነው በሩቅ ከተማ በሚገኝ ኮምፒውተር ውስጥ በመቀመጡ አይደለም። የጉኑኖ ተማሪ የአያቷን ድምፅ በቋንቋዋ ሰምታ፣ ወደ ጓሮ ወጥታ ማዚያን ከሌላው ለይታ ማወቅ ስትችል ነው።